የአከርካሪ ብግነት ሕመም (አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ) እና ወጪው፦ በጅማና በዙሪያዋ ላሉ ሕሙማንና ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀሁት ከዚሁ ሕመም ጋር ለዓመታት የኖርኩ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ውሳኔ ለሐኪምዎ ይተዉ። የገንዘቡ ነገር ግን ካርድ ክፍል ቆሞ ለመጠየቅ ያሳፍራል፣ ሐኪም ፊት ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሰዎች በየጊዜው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የመድኃኒት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አልጻፍኩም። ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል መጠን እንደሚገዛ ግን ጽፌአለሁ፤ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ ማባዛት ይቻላል።

ሕመሙ ምንድን ነው? ከተራ የወገብ ሕመም በምን ይለያል?

ዳሌንና አከርካሪን በሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት ነው። የሰውነት የመከላከል አቅም ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ አጥንቶቹ እርስ በርስ ሊጣበቁና ጀርባው ሊደርቅ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ወደ ፊት ይጎብጣል። ሁሉም እዚያ አይደርስም።

አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት ይጀምራል፤ ብዙዎቹን የሚይዘው በወጣትነታቸው ነው። ቀስ ብሎ ይመጣና ከሦስት ወር በላይ ይቆያል። ጠዋት ሲነሱ ጀርባው ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር ይላል። ወደ ንጋት ላይ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። መቀመጫ ላይ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያማል። ዋናው ምልክቱ ደግሞ ተኝተው ሲያርፉ የሚብስ፣ ተነስተው ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ መሆኑ ነው። ጆንያ ሲሸከሙ የመጣ የወገብ ሕመም በእረፍት ይሻለዋል፤ ይኸኛው በእረፍት አይሻለውም።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚጨርሰው ምንድን ነው?

ምንነቱ ሳይታወቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በዓለም ዙሪያ ይህ ሕመም ከጀመረ በኋላ ስሙ እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ እኛ ጋ ደግሞ መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ኩላሊት ነው»፣ ከዚያ «ሪህ ነው»፣ ከዚያ «ዲስክ ተንሸራቷል»። በእያንዳንዱ ፌርማታ ካርድ አለ፣ ላብራቶሪ አለ፣ መርፌ አለ፣ የባጃጅ አለ። በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ማንም ደምሮት አያውቅም። የወጣውን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፎ የደመረ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይደነግጣል።

ሁለተኛው ወጪ ደረሰኝ የሌለው ነው፤ የቀረ የሥራ ቀን። ሕመሙ የሚይዘው ሠርቶ በሚያበላ ዕድሜ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ጠዋት መነሳት ያቃተው ወጣት የዓመቱን ገቢ ሊያጣ ይችላል። ልብስ ሰፊው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ተጎንብሳ እንጀራ የምትጋግረው እናት፣ ሁሉም ከመድኃኒቱ ይልቅ በዚህ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለአምስት መርፌ ከሚከፍሉት በውስጥ ደዌ ሐኪም ለሚደረግ አንድ ሙሉ ምርመራ ይክፈሉት። ለሐኪሙም «ወገቤን ያመኛል» ብለው አያቁሙ። መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት ምን ያህል እንደሚገትርዎ፣ ሲንቀሳቀሱ እንደሚለቅዎ፣ ዓይንዎ ቀልቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይናገሩ። ይህን መናገር ምንም አያስከፍልም፤ ከብዙ የላብራቶሪ ምርመራ በላይ ግን መንገድ ያሳያል።

ለምርመራ ምን ምን ይታዘዛል? ኤምአርአይ ግዴታ ነው?

ለብዙ ሰው ግዴታ አይደለም። መነሻው የሐኪም ምርመራ፣ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙት ኢኤስአርና ሲአርፒ የተባሉ የደም ምርመራዎች እንዲሁም የዳሌ ራጅ ነው። በራጅ ላይ ለውጡ በግልጽ ከታየ ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ውሳኔውን አይቀይረውም። ሕመሙ ገና ጀማሪ ከሆነ ግን ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ኤምአርአይ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የትኛው ክፍል እንደሚነሳ ይጠይቁ። ለዚህ ሕመም በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ከዳሌ ጋር የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ናቸው። የወገብ ኤምአርአይ ብቻ ተነስቶ «ትንሽ ዲስክ አለ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ወጣ፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ።

ኤችኤልኤ ቢ27 የተባለውን የዘር ምርመራ ብዙዎች ከኢንተርኔት አንብበው ይጠይቃሉ። ይህ ምልክት ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የለም ቢባል ሕመሙ የለም ማለት አይሆንም፤ አለ ቢባልም ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። ናሙና ወደ አዲስ አበባ ልኮ ከመክፈል በፊት «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ለቁጠባ ተብሎ መዘለል የለበትም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ጥሬ ወተት በሚጠጣበትና ከብት በሚረባበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለ ከከብት የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሁለቱም ወገብና ዳሌን አሳምመው ይህን ሕመም ይመስላሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ቀድሞ እነሱን ማጣራት ያስፈልጋል። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው።

የራጅ ፊልም፣ የላብራቶሪ ወረቀትና የሐኪም ማስታወሻ በአንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሱት። «ወረቀቱ ስለጠፋ እንደገና ይነሳ» የሚባለው ወጪ በዚህ ብቻ ይቀራል።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ይሸፍነዋል?

መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው አባል የሚሆኑበት ይህ መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛው ዞን ሊሙ ኮሳ ነበረች። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ አቅም የሌለው ሰው ሳያፍር ቀበሌውን ይጠይቅ።

መድህኑ ሕመሙን በስሙ ለይቶ አይከለክልም። ምርመራ፣ ራጅ፣ ተኝቶ መታከም፣ ተቋሙ ውስጥ ያለ መድኃኒት በጥቅሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይገባም። ችግሩ ያለው በሪፈር ላይ ነው። ጉዞው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ አለበት። ሕመሙ ሲብስ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሮጠ አባል ወጪውን ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። ለቀጠሮ ሲመላለሱም የሪፈሩ ወረቀት ጊዜው አልፎ እንደሆነ ከቤት ሳይወጡ ይመልከቱ፤ ከዴዶ ወይም ከሊሙ መጥቶ በአንድ ማህተም ምክንያት መመለስ የሁለት ጊዜ ትራንስፖርት ነው።

እድሳቱን በተመለከተ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ሕመሙ ሲለቅዎ «ዘንድሮ ይለፈኝ» አይበሉ። ይህ ሕመም ይተኛል እንጂ አይሄድም። በተኛበት ዓመት መዋጮውን ያቋረጠ ሰው፣ ሲነሳበት የመመዝገቢያው ወቅት አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

መድህን እያለኝ «መድኃኒቱ የለም» ይሉኛል። ከውጭ ከገዛሁ ይመለስልኛል?

እንደ ወረዳውና እንደ ተቋሙ ውል ይለያያል። ዋናው ነገር ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅ ነው። እዚያው ሆስፒታል ወዳለው የመድህን ቢሮ ሄደው መድኃኒቱ እንደሌለ በማዘዣው ላይ ማረጋገጫ ይጠይቁ። ሲገዙ ስምዎ ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ነገር የትም አይመለስም። ሐኪሙንም «ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ እዚህ ያለ መድኃኒት ይኖራል?» ብለው ይጠይቁት፤ ማስታገሻዎቹ ብዙ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አለ።

ርካሹ ማስታገሻ ሕመሙን ከመሸፋፈን በቀር ጥቅም አለው?

አለው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉት ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው እውነተኛ ሕክምና ናቸው፤ ብግነቱን ራሱን ይቀንሳሉ። ብዙ ሰው ከእንቅስቃሴ ጋር በእነሱ ብቻ ሥራውን እየሠራ ይኖራል። ርካሽ ስለሆነ የማይረባ የሚመስለው ሰው ውድ ነገር ፍለጋ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ግን ይኸኛው በትክክለኛው መጠንና ለበቂ ጊዜ መሞከር አለበት። ሁለት ቀን ወስዶ «አልሠራልኝም» ማለት ሙከራ አይደለም። አንዱ ባይሠራ ሌላኛው ሊሠራ ይችላል።

ጉዳቱ ከጨጓራ፣ ከኩላሊትና ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። ሁለት ዓይነት አንድ ላይ አይወሰድም፤ ዳይክሎፌናክ እየዋጡ ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው መከላከያ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ይንገር። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው የኩላሊት ምርመራና የደም ግፊት ልኬት በየጊዜው ያስፈልገዋል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ለአንድ የኩላሊት ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ በጨጓራ ደም መፍሰስ ተኝቶ ከመታከም ጋር አይነጻጸርም።

ሰልፋሳላዚን፣ ሜቶትሬክሴት ወይም ስቴሮይድ ታዝዞልኛል። ልግዛው?

ያዘዘልዎትን ሐኪም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የታዘዘልኝ ለአከርካሪዬ ነው ወይስ ለጉልበቴና ለቁርጭምጭሚቴ?» ሰልፋሳላዚን ያበጡ የእጅና የእግር መገጣጠሚያዎችን ሊረዳ ይችላል፤ ለአከርካሪው ብቻ ግን ጥቅሙ አልታየም። ሜቶትሬክሴትም ለአከርካሪው እንደዚያው ነው። በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ አይመከርም። ለጊዜው ያቀልላል፤ ነገር ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያስነሳል። ያለ ማዘዣ የሚሰጥ «ቅልቅል» ኪኒን ውስጥ ምን እንዳለ ካልተነገረዎት አይግዙ።

ባዮሎጂክ የሚባለው መርፌ አቅሜ ይችለዋል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌሊት ሳይተኛ አድሮ ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስ።

ባዮሎጂክ ማለት ብግነቱን የሚያስነሱ የሰውነት ንጥረ ነገሮችን ለይቶ የሚያግድ መድኃኒት ነው። መርፌዎቹ እንደ አዳሊሙማብ፣ ኢታነርሴፕት፣ ኢንፍሊክሲማብና ሴኩኪኑማብ ያሉ ናቸው። የሚታዘዙት ቢያንስ ሁለት ዓይነት ማስታገሻ በሙሉ መጠን ለሳምንታት ተሞክሮ ብግነቱ ካልበረደ ነው። በተገቢው ሰው ላይ ለውጡ ትልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አዳሊሙማብን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ይህ ማለት የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም ማለት ነው። እኛ ጋ ግን በቋሚነት የሚገኝ አይደለም፤ የሚገዛውም በአብዛኛው ከኪስ ነው። ከውጭ የሚገባ ስለሆነም የውጭ ምንዛሪ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። አዳሊሙማብ 40 ሚሊ ግራም በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ በዓመት 26 መርፌ። ኢንፍሊክሲማብ በክብደት ይታሰባል፤ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 300 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 100ው ሦስት ጠርሙስ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው መጀመሪያ ቀን፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ነው። በየ8 ሳምንቱ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት 8 ጊዜ፣ 24 ጠርሙስ ይሆናል። በደም ሥር ስለሚሰጥ የሆስፒታል አገልግሎትም ይጨመርበታል። ባዮሲሚላር የሚባሉት፣ የመጀመሪያው አምራች ባለቤትነት ሲያበቃ ሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ተመሳሳይ መድኃኒቶች፣ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ተፈትሸው የተፈቀዱት በውጤት አያንሱም። ሐኪምዎን ስለ እነሱ ይጠይቁ።

ከመርፌው ዋጋ ውጭ ያለው ወጪ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከመጀመሩ በፊት የተኛ ቲቢ (ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ቲቢ) እና ሄፓታይተስ ቢ መመርመር አለበት፤ መርፌው የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ እኛ አገር ደግሞ ቲቢ ብዙ ነው። ይህን ምርመራ የሚዘልልዎትን ሰው አይመኑ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለዚህ መላ መዘጋጀት አለበት። ከአዲስ አበባ ሲመጣ በበረዶ ሣጥን ይመጣል፤ በረዶው መድኃኒቱን ነክቶ ካቀዘቀዘው ግን ተበላሽቷል። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚላክ መርፌ ፍቅር ነው፤ ለሰዓታት በሙቀት ከቆየ ግን ገንዘቡ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ላኪው የመድኃኒቱን መመሪያ አንብቦ ይላክ።

አሁን የራሴን አስተያየት ልናገር። ለሁለት ወር የሚበቃ ገንዘብ ተበድሮ መጀመር ትክክል አይመስለኝም። መሥራት አለመሥራቱ በደንብ የሚታየው በ3 ወር ገደማ ነው፤ ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ አብዛኛውን ሰው በወራት ውስጥ ይመለስበታል። የቡና ማሳ ወይም የሚያርስ በሬ ተሸጦ ለአራት ወር ከተወሰደ፣ አምስተኛው ወር ላይ ሕመሙም አለ፣ ማሳውም የለም። ከመጀመርዎ በፊት የዓመቱን ድምር ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሕመሙ በርዶ ለረጅም ጊዜ ለቆየለት ሰው ሐኪሙ የመርፌውን ርቀት ሊያሰፋ ይችላል፤ በራስ ውሳኔ ግን አይደረግም።

አዲስ አበባ መሄድ ይኖርብኛል?

መጀመሪያ ጅማ የሚቻለውን ይጨርሱ። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ብግነት ሕመሞች) ስፔሻሊስት በአገራችን ጥቂት ነው፤ ሐኪምዎ መሄድ አለብህ ካለ ይሂዱ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የአስታማሚው ወጪም ሲጨመር ከካርዱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የደም ምርመራውንና ራጁን እዚህ አሠርተው ይያዙ፤ ሐኪሙ በዚያ ቀን መኖሩን በስልክ ያረጋግጡ። ክትትሉ በጅማ እንዲቀጥል ለሐኪምዎ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስታወሻ ሳይቀበሉ አይውጡ። አውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይገትራል፤ በየፌርማታው ወርደው ይንቀሳቀሱ።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

ለስላሳ ማሸት ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። አንገትንና ወገብን በኃይል ማጠፍ፣ መጠምዘዝ፣ ማንቋቋት ግን ፈጽሞ አይደረግ። የተጣበቀ አከርካሪ በቀላሉ ይሰበራል፤ ስብራቱ ሕብለ ሰረሰርን ከነካ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጀርባው የደረቀ ሰው በትንሹም ቢሆን ከወደቀና አዲስ ሕመም ከተሰማው ራጅ ሳይነሳ አይቆይ።

ያለ ገንዘብ የሚደረግ ሕክምና አለ?

አለ፤ ከመድኃኒቱም እኩል የሚቆጠር ነው። በየቀኑ መራመድ፣ ጀርባንና ዳሌን ማሳሳብ፣ ደረትን የሚከፍት ጥልቅ ትንፋሽ፣ በሆድ ተኝቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት። ፊዚዮቴራፒ ክፍል አንድ ሁለቴ ሄደው እንቅስቃሴዎቹን በትክክል ይማሩ፤ ከዚያ ቤት ይሠራል። የማይሰምጥ ፍራሽና ዝቅ ያለ ትራስ ይጠቀሙ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያቁም፤ ሕመሙን ያባብሳል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጎብጦ ተቀምጦ ጫት ለሚቅም ሰውም የምለው አለኝ፤ ያ አቀማመጥ ጀርባዎን በየቀኑ ያደርቀዋል፤ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ።

ዓይኔ ቀልቶ ያመኛል፤ ጠብታ ገዝቼ ልቆይ?

አይቆዩ። ከዚህ ሕመም ጋር ከሚኖሩ አራት ሰዎች አንዱ ገደማ በሆነ ጊዜ የዓይን ውስጥ ብግነት ይገጥመዋል። አንድ ዓይን ይቀላል፣ ያማል፣ ብርሃን ይጠላል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ቶሎ ከተያዘ በጠብታ ይድናል፤ ከቆየ እይታ ሊቀንስ ይችላል።

ሴቶችንም ይይዛል? እርግዝናስ?

ይይዛል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ማስታገሻዎቹን ያለ ሐኪም አትውሰድ፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ለፅንሱ ጎጂ ናቸው።

ተቀጣሪ ነኝ፤ በሕመም ብቀር ደመወዜ ይቆረጣል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ያለ ደመወዝ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ መቅረትዎን ፈጥነው ማሳወቅ አለብዎት። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደር የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቅ። ከአሠሪ ጋር ሲነጋገሩ ከፈቃዱ በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መግባትን ወይም እየተነሱ መሥራትን ይጠይቁ። ጠዋት የሚገትርዎት ጀርባ ረፋድ ላይ ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ ይህን የተረዳ አሠሪ ሠራተኛውን አያጣም።

ቤተሰብ በገንዘብ እንዴት ይርዳ?

አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ትልቅ እርዳታ ለቀዶ ሕክምና ይሆናል፤ ለዚህ ሕመም ግን በየወሩ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ ይሻላል። ወንድምና እህት ተነጋግረው አንዱ የመድህን መዋጮውን፣ አንዱ የወሩን ማስታገሻ፣ ሌላው የቀጠሮ ትራንስፖርቱን ቢይዝ ማንም ሳይከብደው ይቀጥላል። እቁብ ያላችሁ ደግሞ ዕጣችሁ የራጅና የምርመራ ጊዜ ላይ እንዲደርስ ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።